እግዚአብሔር ውሸታችንን አይፈልግም፦ ዲኤንኤ በመድረክ ላይ



ከጥቂት ዓመታት ወዲህ «ዲኤንኤ» የሚለው ቃል በመድረኮች ላይ በዝቷል። አንዱ ሰባኪ «ሳይንቲስቶች በሰው ዲኤንኤ ውስጥ የእግዚአብሔርን ስም ተጽፎ አገኙት» ይላል። ሌላው «የአባቶችህ እርግማን ዲኤንኤህ ውስጥ ተቀምጧል፤ ዛሬ ማታ ዲኤንኤህ ይቀየራል» ብሎ ያውጃል። ሦስተኛው ደግሞ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድን እህት «ከደምሽ ወጥቷል፤ መድኃኒቱን ጣይው» ይላታል። ጉባኤው «አሜን» ይላል፤ ኪቦርዱ ይመታል፤ ቪዲዮው በቴሌግራምና በቲክቶክ ይዞራል። «ይህን ከየት አመጣኸው?» የሚል ሰው ግን አይገኝም።

እኛ እንጠይቃለን። የምንጠይቀው የሳይንስ ጠበቃ ሆነን አይደለም። የምንጠይቀው ወንጌል የእውነት ቃል ስለሆነ ነው። ኢዮብ በምዕራፍ 13 ከቁጥር 7 ጀምሮ ወዳጆቹን የሚሞግታቸው በዚሁ ነው፤ ለእግዚአብሔር ጥብቅና የቆሙ መስሏቸው ሐሰት መናገራቸውን ይነቅፋል። በመጽሐፉ መጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በእነዚያ ጠበቆቹ ላይ ነው (ኢዮ. 42፥7)። ስለዚህ ለእግዚአብሔር ተብሎ የሚነገር ውሸት ከሌላው ውሸት አይቀልም።

ነገሩን ለመመርመር አንድ የሳይንስ ሥራ እንመልከት። ስሙ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው፤ የሰውን ሙሉ ሲዲኤንኤ በብዛት ማንበብ ይባላል። ይህ ሥራ በመድረክ ላይ የሚነገሩትን ሦስት ውሸቶች አንድ በአንድ ይፈታል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተነበበው ምንድን ነው?

የሰው ዲኤንኤ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል ያለው መጽሐፍ ነው እንበል። ፊደላቱ አራት ዓይነት ብቻ ናቸው። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ፕሮቲን እንዲሠራ በቀጥታ የሚያዘው ክፍል ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ያም ቢሆን በአንድ ቦታ ተያይዞ አልተጻፈም። ትእዛዙ ተቆራርጦ፣ በመካከሉ ረጃጅም ሌላ ጽሑፍ ገብቶበት ይገኛል። ህዋሱ አንድን ትእዛዝ ሲፈልግ ያን ክፍል ይገለብጣል፤ በመካከል የገባውን ቆርጦ ያወጣል፤ የቀረውን ይቀጥልና ፕሮቲን ወደሚሠራበት ቦታ ይልከዋል። ይህ የሚላከው መልእክት ኤምአርኤንኤ ይባላል። የጉበት ህዋስና የአንጎል ህዋስ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይዘው የተለያየ ሥራ የሚሠሩት የሚልኩት መልእክት ስለሚለያይ ነው። አንዱ ትእዛዝ ራሱ በተለያየ መንገድ ተቀጥሎ የተለያየ መልእክት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ተመራማሪዎች «መልእክቱን እንያዘውና እናንብበው» አሉ። ችግሩ ይህ መልእክት ቶሎ የሚጠፋ ነው። በጣታችን ቆዳ ላይ ያለ ኢንዛይም እንኳ ይበላዋል። መፍትሔው መልእክቱን መልሶ በዲኤንኤ መገልበጥ ሆነ። ይህን የሚሠራውን ኢንዛይም ሃዋርድ ቴሚንና ዴቪድ ባልቲሞር በ1970 በየፊናቸው በቫይረሶች ውስጥ አገኙት፤ በ1975ም የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ኢንዛይሙ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ይባላል፤ እኛ «መላሽ ገልባጭ» እንበለው። በእርሱ የሚሠራው ግልባጭ ሲዲኤንኤ ነው። ግልባጩ በባክቴሪያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ባክቴሪያው ሲባዛ እርሱም ይባዛል፤ ከዚያ ፊደል በፊደል ይነበባል። የዚህን ኢንዛይም ስም ያዙልን፤ ወደ ከባዱ ጉዳይ ስንደርስ እንመለስበታለን።

አሁን ዋናው ነጥብ ይመጣል። መላሽ ገልባጩ መልእክቱን የሚገለብጠው ከጅራቱ ወደ ራሱ ነው። ብዙ ጊዜም ራሱ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ጅራት ኖሯቸው ራስ የሌላቸው ግልባጮች በየቤተ ሙከራው ተከማቹ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የነበረው ሩጫም ጥቂት መቶ ፊደል ብቻ ያላቸውን ቁርጥራጮች በብዛት መሰብሰብ ነበር። ቁራጭ አንድ መልእክት መኖሩን ይነግርሃል። መልእክቱ በሙሉ ምን እንደሚል ግን አይነግርህም።

በጃፓን ሱሚዮ ሱጋኖና ባልደረቦቹ፣ እንዲሁም በሪከን ተቋም የነበሩ ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ለዚህ ብልሃት ፈለጉ። ሙሉ መልእክት በራሱ ላይ ቆብ የመሰለ ኬሚካል አለው። ይህን ቆብ ምልክት አድርገው ራስ ያላቸውን ግልባጮች እየመረጡ የሚይዙበትን ዘዴ ሠሩ። ከዚያ በኋላ ንባቡ ተጀመረ። የካዙሳ ዲኤንኤ ምርምር ተቋም ከ1994 ጀምሮ ረጃጅሞቹን መልእክቶች፣ በተለይም ከአንጎል የተገኙትን፣ እያነበበ 2,000 ገደማ አደረሰ። የጀርመን ተመራማሪዎች ጥምረት በ2001 አምስት መቶ አዳዲስ ሙሉ ግልባጮችን ይፋ አደረገ። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የተጀመረው ሥራ በ2002 ከ15,000 በላይ የሰውና የአይጥ ሙሉ ግልባጮችን አቀረበ። በ2004 ጃፓናውያን የ21,243 ሙሉ የሰው ግልባጮችን ንባብ አንድ ላይ አሳተሙ። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ሥራ ደግሞ አለ። ከየአገሩ የመጡ ተመራማሪዎች በ2002 ቶኪዮ ላይ ተሰብስበው የጀመሩት ነው፤ 41,118 ግልባጮችን አመሳክሮ 21,037 የጂን ዕጩዎችን ለየ። ንባቡ ማንም ሰው ከፍቶ እንዲያየው በሕዝብ የመረጃ ቋት ውስጥ ተቀመጠ። ኢንተርኔት ያለው የጅማ ወይም የጎንደር ተማሪ ዛሬ ያለ ክፍያ ማየት ይችላል።

ከዚህ ሥራ አንድ ነገር ልብ እንበል። ቀደም ሲል ብዙ ሳይንቲስቶች ሰው 100,000 ያህል ጂኖች አሉት ብለው ይገምቱ ነበር። ሲነበብ ፕሮቲን የሚያዙት ወደ 20,000 ሆነው ተገኙ። ኮምፒውተር «እዚህ ጂን አለ» ያለው ስቶ ተገኘ፤ ኮምፒውተር ያላያቸውም መልእክቶች ወጡ። እነዚህ ሰዎች ግምታቸውን ትተው ንባቡን ተቀበሉ፤ ያንንም በስማቸው በአደባባይ አሳተሙ። የተናገረው ትንቢት ሳይፈጸም ሲቀር በአደባባይ «ተሳስቻለሁ» የሚል ነቢይ በዘመናችን ስንት አያችሁ?

ሳይንቲስቶችስ ቅዱሳን ናቸው?

አይደሉም። እነርሱም እንደ እኛ የአዳም ልጆች ናቸው። በ1991 እና በ1992 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ጥቅማቸው ገና ባልታወቀ በሺዎች በሚቆጠሩ የሲዲኤንኤ ቁርጥራጮች ላይ የፓተንት ማመልከቻ አስገቡ። ነገሩ በግልጽ ሲነገር፣ መልእክቱ ምን እንደሚል ሳይታወቅ «የእኛ ነው» ማለት ነው። በወቅቱ የተቋሙን የጂኖም ማዕከል ይመራ የነበረው ጄምስ ዋትሰን አጥብቆ ተቃወመ፤ በ1992ም ቦታውን ለቀቀ። የፓተንት ቢሮው ማመልከቻውን አልተቀበለም፤ በ1994 ተቋሙ ራሱ ተወው።

ክርክሩ ግን በዚያ አላበቃም። ሚሪያድ ጄኔቲክስ የተባለው ኩባንያ ከጡትና ከእንቁላል ዕጢ ካንሰር ጋር በተያያዙ ሁለት ጂኖች ላይ ፓተንት ይዞ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 በሰጠው ውሳኔ፣ በተፈጥሮ ያለ ዲኤንኤ የማንም ፈጠራ ስላልሆነ ፓተንት አይሰጥበትም አለ። በቤተ ሙከራ የሚሠራው ሲዲኤንኤ ግን ሊሰጥበት ይችላል አለ። የውሳኔውን የመጀመሪያ ክፍል እኛም በመዝሙር 24፥1 መሠረት «አሜን» እንላለን፤ ምድርና በውስጧ ያለው የማን እንደሆነ እናውቃለንና። በሁለተኛው ክፍል ግን አንስማማም። መካከሉ ተቆርጦ ቢወጣም፣ በሰው እጅ ቢገለበጥም፣ የመልእክቱን ቃል ያ ኩባንያ አልጻፈውም። የጸሐፊን ሥራ የገለበጠ ሰው ደራሲ አይባልም።

እንግዲህ ስግብግብነት በቤተ ሙከራም አለ። ልዩነቱ እዚያ የሚቃወም መገኘቱ ነው። ማመልከቻው ተመረመረ፤ ክርክር ተደረገ፤ ውድቅ ሆነ። በአንዳንድ መድረኮቻችን ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ግማሽ ጥቅስ፣ ከሳይንስም የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ይዞ «መገለጥ ነው» የሚልን ሰው የሚመረምረው የለም። ራሱ የተቆረጠ ግልባጭ ለሳይንቲስቱ ጎዶሎ ከሆነ፣ ራሱ የተቆረጠ ጥቅስ ለሰባኪው እንዴት ሙሉ ይሆናል?

አንደኛው ውሸት፦ «የእግዚአብሔር ስም ዲኤንኤ ላይ ተገኘ»

በዲኤንኤ ላይ ያሉት አራቱ «ፊደላት» የዕብራይስጥ ፊደላት አይደሉም። የአራት ኬሚካሎች ምልክት ናቸው፤ ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ ብለው የሰየሟቸው ሰዎች ናቸው። ታዲያ ስሙ ከየት መጣ? ለንጥረ ነገሮች ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ወደ ዕብራይስጥ ፊደል ይቀየራል፤ ከዚያ የተፈለገው ስም እስኪወጣ ድረስ ይደረደራል። ወገኖች፣ ይህ አሠራር በአገራችን አዲስ አይደለም። የሰውን ስም ቆጥሮ፣ የእናቱን ስም ደምሮ «ኮከብህ ይህ ነው» የሚለው ጠንቋይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከዚያ ነገር ጌታ ያወጣን እኛ ነጭ ጋውን ስለለበሰ ብቻ መልሰን እንቀበለው?

ላሚኒን ስለሚባለው ፕሮቲንም እንዲሁ ይነገራል። ሥዕሉ የመስቀል ቅርጽ አለው፤ ህዋሶችንም ያያይዛል፤ ስለዚህ «መስቀሉ በሰውነታችን ውስጥ አለ» ይባላል። ላሚኒን እውነተኛ ፕሮቲን ነው፤ ሥራውም ትልቅ ነው። ነገር ግን አንድ ብቻ አይደለም፤ ቤተሰብ ነው። ከቤተሰቡ አንዳንዶቹ አንድ ክንድ ስለሚጎድላቸው የመስቀል ቅርጽ እንኳ የላቸውም። በሰውነት ውስጥም ክንዶቹ ይታጠፋሉ እንጂ እንደ ሥዕሉ ቀጥ ብለው አይቆሙም። ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ላማ2 የተባለው የላሚኒን ጂን ሲበላሽ ሕፃናት ጡንቻቸው ደክሞ ይወለዳሉ፤ ብዙዎቹም ቆመው መሄድ አይችሉም። የእምነታችንን ማስረጃ በላሚኒን ላይ ካቆምን ለዚያ ሕፃን እናት ምን ልንላት ነው? «በልጅሽ ውስጥ ያለው መስቀል ተሰብሯል»? የክርስቶስ መስቀል በጎልጎታ የቆመው ነው። እርሱ አይበላሽም፤ በማይክሮስኮፕም አይፈለግም።

ሁለተኛው ውሸት፦ «ዲኤንኤህ ይቀየራል፤ እርግማንህ ይፈታል»

በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የሰው መልእክቶች ከራስ እስከ ጅራት ተነበዋል። ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚናገሩ ናቸው። በዘር የሚተላለፍ ሕመም መኖሩ እውነት ነው፤ ከላይ ያነሣናቸው የካንሰርና የላሚኒን ጂኖች ምስክር ናቸው። ሕመምን ግን እርግማን ብሎ መሰየም፣ ቀጥሎም «ዘር ዝራ» ብሎ ብር መቀበል ሌላ ነገር ነው። ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠየቅ ኃጢአቱን በእርሱም በወላጆቹም ላይ አልጫነም (ዮሐ. 9፥3)። ሕዝቅኤል 18 ደግሞ ምዕራፉ በሙሉ ልጅ ስለ አባቱ ኃጢአት እንደማይጠየቅ የሚናገር ነው። እርግማንን በተመለከተም ክርስቶስ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ዋጋውን ከፍሏል (ገላ. 3፥13)። እርሱ የከፈለውን ሁለተኛ ጊዜ በሞባይል ባንኪንግ የሚያስከፍል ሰው ነጋዴ ነው እንጂ አገልጋይ አይደለም።

«የእግዚአብሔር ዲኤንኤ በውስጥህ አለ፤ አንተ ትንሽ አምላክ ነህ» የሚለው ትምህርትም ከዚሁ ምንጭ ይቀዳል። ዮሐንስ 1፥13 ግን ከእግዚአብሔር መወለድ ከደም እንዳልሆነ አስቀድሞ ነግሮናል። ትናንት ጌታን የተቀበለ ሰው ዛሬ ደሙ ቢመረመር ዲኤንኤው ያው ነው። የተለወጠው በእግዚአብሔር ፊት ያለው ቦታ ነው፤ ልቡ ነው፤ ጌታው ነው። የሰውነታችን ቤዛነት ደግሞ ገና የምንጠብቀው ተስፋ ነው (ሮሜ 8፥23)። ተስፋውን ዛሬ ማታ በትኬት እንሰጣለን የሚል ሁሉ የሌለውን ይሸጣል።

ሦስተኛው ውሸት፦ «መድኃኒቱን ጣሉት»

አሁን ያ ኢንዛይም ወደ ነበረበት ቦታ እንመለስ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ውሸቶች አእምሮን ያበላሻሉ። ይህ ሦስተኛው ሰው ይገድላል።

ኤች አይ ቪ መልእክቱ የተጻፈው በአርኤንኤ ነው። ወደ ሰው ህዋስ ሲገባ መላሽ ገልባጩን ይዞ ይገባል። ሳይንቲስቶች በቤተ ሙከራ ሲዲኤንኤ እንደሚሠሩት ሁሉ፣ እርሱም በህዋሱ ውስጥ ራሱን በዲኤንኤ ይገለብጣል። ከዚያ ግልባጩን በሰውየው ዲኤንኤ መካከል ይሰካዋል። ህዋሱም ከዚያ በኋላ ያን የጠላት መልእክት እንደ ራሱ ቆጥሮ ይልካል።

ዛሬ በአገራችን በብዛት የሚሰጠው እንክብል ሦስት መድኃኒቶችን የያዘ ነው፤ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መላሽ ገልባጩ ሥራውን እንዳይጨርስ ያግዱታል። ሦስተኛው ግልባጩ በሰውየው ዲኤንኤ ውስጥ እንዳይሰካ ይከለክላል። መድኃኒቱ በየቀኑ ሲወሰድ በደም ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል። ሰውየው ጤናማ ሆኖ ይሠራል፤ ያገባል፤ በግብረ ሥጋ ግንኙነትም ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። አስቀድሞ የተሰካው ግልባጭ ግን በአንዳንድ ህዋሶች ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። መድኃኒቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይነሣል።

እንግዲህ በመድረክ ላይ የሚደረገውን ተመልከቱ። አንድ ሰው «ቫይረሱ አልታየም» የሚል የላቦራቶሪ ወረቀት ይዞ ይቀርባል። «ነቢዩ» ወረቀቱን ለካሜራ ከፍ ያደርጋል፤ «ተፈወሰ!» ይላል፤ ጉባኤው ይጮኻል። ወረቀቱ እውነት ነው። ነገር ግን የሚናገረው መድኃኒቱ መሥራቱን ነው። ነቢዩ ያን ወረቀት አሳይቶ ሰውየውን ለዚያ ወረቀት ያበቃውን መድኃኒት ያስጥለዋል። ከወራት በኋላ ያ ሰው ሲታመም ካሜራው አይገኝም። ነፍሰ ጡር ከሆነችም ነገሩ ወደ ልጇ ይሻገራል። ታሞ ሲመለስም «እምነትህ ጎደለ» ይባላል፤ በሽተኛው በራሱ ሞት ተከሳሽ ይሆናል።

የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን ያየን አገልጋዮች እናስታውሳለን፤ ከአንዱ ቀብር ወደ ሌላው እንሄድ ነበር፤ የበሽታውን ስም ግን ማንም አይጠራውም ነበር። በእነዚያ ዓመታት ስንት እናቶች «ጌታ ሆይ መድኃኒት ላክ» ብለው አለቀሱ! እግዚአብሔር ያን ጸሎት ሲመልስ መልሱን ወደ ቆሻሻ መጣያ የሚያስጥል ሰው በማን ስም ነው የሚናገረው?

እኛ እግዚአብሔር እንደሚፈውስ እናምናለን፤ ለሕሙማን እንጸልያለን፤ ዘይት ቀብተንም እንጸልያለን። ግን ጌታ ኢየሱስ ለምጻሞቹን ወደ ካህናት ላካቸው (ሉቃ. 17፥14)፤ በዚያ ዘመን የማረጋገጥ ሥልጣን የነበራቸው እነርሱ ነበሩና። እውነተኛ ፈውስ ምርመራ አይፈራም። ሕዝቅያስ የዕድሜ ጭማሪ ከእግዚአብሔር ተሰጥቶትም የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ ተደርጎለታል (2ነገ. 20፥7)። ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ ጳውሎስም ሙያህን ጣል አላለውም (ቆላ. 4፥14)። ስለዚህ ቃላችን አጭር ነው፤ ሐኪምህ ሳያዝህ መድኃኒትህን አትተው። ተው የሚልህን ሰው ግን ተወው።

«የተቀባውን አትንኩ» ለሚሉን

ይህን ስንጽፍ የሚመጣብንን እናውቃለን። «የተቀባውን አትንኩ» ይሉናል። ዳዊት የተቀባውን ሳኦልን አልገደለም፤ ዝም ግን አላለውም፤ የልብሱን ጫፍ ይዞ በሠራዊቱ ፊት ሞገተው (1ሳሙ. 24)። ጳውሎስ ጴጥሮስን ፊት ለፊት ተቃውሞታል (ገላ. 2፥11)። የቤርያ ሰዎች ሐዋርያውን ራሱን በመጽሐፍ መርምረውት ተመሰገኑ እንጂ አልተረገሙም (ሐዋ. 17፥11)። ዘዳግም 18፥22 የሐሰተኛ ነቢይ መለኪያ የሰጠን እንድንለካበት ነው።

ሌሎች ደግሞ «ታሪኩ ባይሆንም ሰው ወደ ጌታ እየመጣ ነው፤ ምን ቸገራችሁ?» ይላሉ። ይህን ክርክር ጳውሎስ በሮሜ 3፥7–8 አንስቶ ዘግቶታል። ደግሞም ወደ ምን ነው የሚመጡት? ከመድረክ ላይ «የእግዚአብሔር ስም በዲኤንኤ ላይ አለ» የተባለ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በመጀመሪያው ሴሚስተር ነገሩ እንደሌለ ያውቃል። ቀጥሎ የሚጠይቀው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ «ስለሚታየው ነገር የዋሸኝ ሰው ስለማይታየው እንዴት እውነት ነገረኝ?» አባቶቻችን «ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» ያሉት ለዚህ ነው። ውሸቱ ሲቀል ግን ከእርሱ ጋር አብሮ የተጫነው የወጣቱ እምነትም ይወድቃል። ያን እምነት ያፈረሰው ፕሮፌሰሩ ሳይሆን ሰባኪው ነው።

ታዲያ ምን እንበል?

አማኝ በሳይንስ ፊት የሚፈራው ነገር የለም። ዋትሰንና ክሪክ የዲኤንኤን ቅርጽ በ1953 ያገኙት በካምብሪጅ ካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ ነው። በዚያ አሮጌ ሕንፃ በር ላይ የመዝሙር 111፥2 ቃል በላቲን ተቀርጿል፤ የጌታ ሥራ ታላቅ እንደሆነና የሚወዱት ሁሉ እንደሚመረምሩት የሚናገረው። የሰውን ጂኖም የማንበቡን ዓለም አቀፍ ሥራ የመራው ፍራንሲስ ኮሊንስም በክርስቶስ ማመኑን በግልጽ የሚመሰክር ሰው ነው። መመርመር የእምነት ጠላት አይደለም። የምሳሌ መጽሐፍም ነገርን መርምሮ ማግኘትን ክብር ብሎ ይጠራዋል (ምሳ. 25፥2)።

ወሰኑን ግን እንወቅ። ፍጥረት ስለ ፈጣሪው ኃይል ይናገራል፤ ሮሜ 1፥20 ይህን ያስተምራል። ነገር ግን 41,118ቱም ግልባጮች አንድ በአንድ ቢነበቡ ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን እንደሞተ የሚናገር አንድ መስመር አይገኝባቸውም። ያ የተነገረን በነቢያትና በሐዋርያት ነው፤ የተፈጸመው በጎልጎታ ነው፤ የምናነበው በቅዱሳት መጻሕፍት ነው። የፍጥረትን መጽሐፍ ያላለውን አናስብለው፤ ያለውንም አንካደው። የእግዚአብሔርን ቃልም እንዲሁ።

ስለዚህ እናንተ ሰባክያን ወንድሞችና እህቶች፣ ምንጩን ያልመረመራችሁትን ነገር ከመድረክ አትናገሩ። በጉባኤያችሁ ነርስ፣ ላቦራቶሪ ቴክኒሺያን፣ የባዮሎጂ መምህር አለ፤ ከስብከቱ በፊት ጠይቁት። እናንተ ሽማግሌዎች፣ መድኃኒት የሚያስጥል አገልጋይ በአጥቢያችሁ ሲቆም ዝም ካላችሁ ደሙ ከእጃችሁ ይፈለጋል። እናንተ ሳይንስ የምትማሩ ልጆቻችን፣ ሙያችሁን እንደ እምነት ድካም አትቁጠሩት፤ በትጋት አንብቡ፤ ለቤተ ክርስቲያንም እውነቱን በፍቅር ተናገሩ። እንክብላችሁን በየማታው የምትውጡ ወገኖች፣ ውኃውን ስታነሱ አመስግኑ፤ በመድኃኒት መኖር የእምነት ማነስ አይደለም። እናንተም ጌታን ገና ያላወቃችሁና በመድረክ ውሸት የተነሣ ከደጅ የቆማችሁ፣ በሰማችሁት ተረት ኢየሱስን አትመዝኑት። ወንጌላትን ውሰዱ፤ እንደነዚያ ተመራማሪዎችም ከራስ እስከ ጅራት አንብቡ፤ ከማርቆስ ወንጌል ጀምሩ። እርሱ ራሱን እውነት ብሎ የጠራ ጌታ ነው፤ የሚመረምሩትን አይሸሽም።

የእውነት መንፈስ ወደ እውነት ሁሉ ይምራን። ተባረኩ።